ዘጠነኛው ምሰሶ

ስዊፍት ከረንት ከተማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ደጅ፣
ደረቴ ድረስ የምትመጣ ፀሐይ አለች፣ ያበጃት አንድ በያጅ።
ሃምሳ ስምንት ሜትር አለፍ ሲሉ ሜርኩሪ፤
መቶ ሃምሳ ላይ ምድር፣ ከሽምብራ ተለቅ ያለች፣
የመስታወት ቤት ነዋሪ።
ጁፒተር ከነዳጅ ማደያው፣ ሳተርን ከሐዲዱ ማዶ፤
ኔፕቱን አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ርቆ፣ ብቻውን ከበረዶ።
ከዚያ ወዲያ ምን አለ?
ሽቦ፣ ሜዳ፣ የሰናፍጭ እርሻ፤
ዘጠነኛው ምሰሶ እዚያ ነው፣ የሁሉ መጨረሻ።
ከመስታወቱ ሥር አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ፣
ፕሉቶ ተብላ የተቀመጠች፣ ከዚያው ማሳ ተለቅማ፣ ጥሬ።

እኔ የከተማው በረዶ ጠራጊ ነኝ፣
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ራዲዮው ሲጠራኝ
አካፋውን ዝቅ አድርጌ ከፀሐይ እስከ ኔፕቱን እጠርጋለሁ።
ካርታዬ እዚያ ያበቃል፤ ዞሬ እመለሳለሁ።

በዚያ ዓመት ነሐሴ፣ የሰማይ ሊቃውንት ፕራግ ላይ ተሰብስበው
ቆረጡ አሉ፣ ቢጫ ካርድ ከፍ አድርገው።
ኅዳር ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ፦
«ስምንት ብቻ ስለሆኑ፣ ዘጠነኛው ይውጣ።»

ደብዳቤውን ይዤ ዊልማ ፍሪዘን ቤት ሄድሁ።
የሰባተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤
ምሰሶዎቹን ያስተከለች እሷ ናትና፣ ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ።
ሳቀች። ሦስት ጣት ዘረጋች።
«አንደኛ፣ ፀሐይን ይዙር፤ ይዞራል።
ሁለተኛ፣ የገዛ ክብደቱ ጨምቆ ክብ ያድርገው፤ አድርጎታል።
ሦስተኛ...» ብላ፣ በመስኮት መኪናዬን አየች፤
«የሚሄድበትን መንገድ የጠረገ ይሁን» አለች።

አሥራ አንድ ዓመት ጠርጌአለሁ እኔ።
ጠርጌ የጨረስሁት መንገድ ግን አላየም ዓይኔ፤
ከፊቴ ሳነሣው ከኋላዬ ይወርዳል።
«ጁፒተርስ?» አልኋት። «እሱንም ፊትና ኋላ ድንጋይ ያጅበዋል፤
ግን በሱ መንገድ እሱ ነው ጌታ፤ ሌላው በሱ ስበት ያድራል።
ፕሉቶ ከብዙ አንዱ ነው፣ በዚያ በበረዶ ቋጥኝ መንጋ፤
የሰፈሩ አዛዥ አይደለም፣ ጎረቤት ነው እንጂ»
አለችኝ፣ ሳትቆጣ ሳትዋጋ።

ያን ሌሊት እየነዳሁ ቃሉን በአፌ አላመጥሁት።
ክብደቱ ክብ አደረገው፤ ክብነቱን አልነሡት፤
ከጫፉ «ር» ብቻ ናት የወደቀችው።
ክብር የነበረ፣ ክብ ሆኖ ቀረ።
እሱ ምን አውቆ?
ካየነው ወዲህ አንዲት ዙር እንኳ መች ጨረሰና፤
እኛ ስም ሰጥተን ስም ነሣን፣ እሱ ገና መንገድ ላይ ነውና።

ዊልማ ለምክር ቤቱ ጻፈች፦ «አይነቀል። ጽሑፉ ይቀየር፣
ድንክ ፕላኔት ይባል። ሥርዓት ከሆነም፣ ሥርዓቱ ለሁሉም ይኑር፤
ሴሬስም ትቁም፣ ድሮ ፕላኔት ተብላ ሃምሳ ዓመት ያህል ተቆጥራ የተሻረች።»
ሴሬስ ተለክታ ጎማ ቤቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ዋለች፤
ባለቤቱ «ይኼ ማቆሚያ ነው እንጂ ሰማይ ነው ወይ?» እያለ ተነጫነጨ፣
ኋላ ግን ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፣ ሲሚንቶውንም ረጨ።
ኤሪስ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ፣ አቶ ዳይክ ጎተራ ውስጥ ወደቀች፤
ሰውዬው በሩን ከፍቶ «ትግባ» አለ፤ ገባች።
ስምንት ይሁን ተብሎ የተጀመረው፣ አሥራ አንድ ሆኖ አረፈ።

ዛሬም ኔፕቱን ጋ እዞራለሁ፤ ካርታው አልተለወጠም።
አንዳንድ ሌሊት ግን መብራት አጥፍቼ እቆማለሁ።
ከፊቴ ጉልበት የሚደርስ በረዶ፣
ጥንቸል ብቻ ያለፈበት፣
ከዚያ ማዶ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ።
ልጠርግለት እችላለሁ፤ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።
ግን እኔ ከጠረግሁለት፣
አይቆጠርለትም።